የሰው ጉሮሮ ጠባቂ

ግራ እጄ ጭኔ ላይ ተቀምጧል። እንዲንቀሳቀስ ሳዘው እንዳኮረፈ ልጅ ትንሽ ያመነታና ይታዘዛል። ሽንኩርት ይይዝልኛል፣ መላጥ ግን አይችልም። ሐኪሙ ዕድለኛ እንደሆንሁ ነግሮኛል፤ ስትሮኩ ሁለተኛ ከመጣብኝ በዚህ እንደማይለቀኝም አልደበቀኝም። ይህን የምጽፈው እንዲታዘንልኝ አይደለም። ሊያዝንልኝ የሚመጣ ሰው ሲበዛብኝ ፊቴን ወደ ግድግዳ ማዞር ለምጃለሁ። የምጽፈው አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ የባሌን ጉሮሮ ስጠብቅ ቆይቼ የራሴን ነገር እንዴት እንደጣልሁት ሳስበው ስለሚያናድደኝ ነው። ንዴቴ ግማሹ በሰው ላይ ነው። የቀረው ግማሽ በማን ላይ እንደሆነ ስደርስበት እናገራለሁ።

ባሌ በፋብሪካ የማሽን ክፍል ኃላፊ ነበር፣ እኔ በኮሌጅ ሬጅስትራር ቢሮ እሠራለሁ። ስኳር እንዳለበት የተነገረው ሱሪው ሁሉ ሰፍቶት፣ ውኃ በጆግ እየጠጣ አልረካ ባለበት ሰሞን ነው። ጎትቼ ወደ ክሊኒክ የወሰድሁት እኔ ነኝ። ነርሷ ወጣትና ትሑት ነበረች። ውጤቱን ለእሱ በሁለት ቃል ነገረችውና ወንበሯን ወደ እኔ አዞረች።

"እትዬ፣ እንግዲህ ኃላፊነቱ የእርስዎ ነው" አለችኝ። "ጨው ይቀንሱላቸው። ስኳርና ጠላ ያስቀሩላቸው። መድኃኒቱንም በሰዓቱ እርስዎ ይስጧቸው።"

ባሌ በመስኮቱ ውጭ የቆመ ባጃጅ ያያል። የጎረቤት ጉዳይ የሚወራ ነበር የሚመስለው። እኔ ደግሞ ራሴን ነቀነቅሁ። ጉሮሮው ያለው እሱ አንገት ላይ ነው ማለት ይቻል ነበር፤ አላልሁም። ስንወጣ የክትትል ካርዱን አቀበለኝ፣ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትሁት፣ ከዚያን ቀን ጀምሮ ካርዱም ቀጠሮውም ክኒኑም የእኔ ሥራ ሆነ።

ላለመዋሸት፣ ደስ ብሎኝም ነበር። በትዳራችን ውስጥ ያለ እኔ የማይሆንለት ነገር ብዙ አልነበረም፤ አሁን ተገኘ። ጎረቤቶቼ "እንዳንቺ ያለች ሚስት ከየት ይገኛል" ሲሉኝ አንገቴን ደፍቼ እሰማለሁ፣ ውስጤ ግን ይሞቀዋል። ሙገሳ ሥራ ያሠራል። አህያ እንኳ በደህና ቃል ትነዳለች።

በቤቴ ሁለት ድስት መጣድ ጀመርሁ። አንዱ የእሱ ነው፦ ዘይቱ በማንኪያ የተለካ፣ ጨው ያልነካው፣ ጎመንና ካሮት የበዛበት። ሌላው የእኔ ነው፦ በርበሬው የቀላ፣ ጨው እንደ ልብ የገባበት። እኔ ምን ሆኜ ነው ጨው የምተው? የታመመው እሱ ነው። የቆጋ መስኖ ድንች ሲወጣ እሱ እንደ ልጅ ይወደዋልና ሁለት ፍሬ ብቻ ቆጥሬ አቀርብለታለሁ፣ የቀረውን ቆሜ ከድስቱ እየጠቀስሁ እጨርሰዋለሁ። እሱ ደግሞ ሳህኑን ትኩር ብሎ ያይና ይጀምራል።

"ጨው ለራስህ ስትል ጣፍጥ ይባላል" ይለኛል። "ያንቺ ጨው ግን ለራሱም ለእኔም አልሆነ። ፍየል ነኝ እኔ? ቅጠል ብቻ?"

ከዚያ እጁ ወደ እኔ ሳህን ይሄዳል። አንድ ጉርሻ፣ ሁለት ጉርሻ። እኔ እጁን መታ አደርጋለሁ፣ እንሳሳቃለን፣ ይበላል። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች የሚለውን ተረት ሰምቼው አድጌአለሁ፤ ስለ ሌላ ሴት የተተረተ ይመስለኝ ነበር።

የባሌ ታላቅ እህት ከከተማው ወጣ ብላ ሰባታሚት ነው የምትኖረው። በመጣች ቁጥር ወንድሟን ከላይ እስከ ታች ታየውና ወደ እኔ ትዞራለች። ከስቶ ከሆነ "ምን እያበላሽው ነው እንዲህ የከሳው?" ትለኛለች። ወፍሮ ከሆነም "ምን እያበላሽው ነው እንዲህ የወፈረው?" ነው። አንድ ቀን እንኳ ወደ እሱ ዞራ "አንተ ምን እየበላህ ነው?" ብላ አታውቅም።

ነርሷ በቀን አንድ ሰዓት እንዲራመድ አዝዛው ነበር፤ ያዘዘችው ለእኔ ነው፣ እኔ ለእሱ አስተላለፍሁ። ቱታና ሸራ ጫማ ገዛሁለት። ቅዳሜና እሑድ ጠዋት ከጓደኞቹ ጋር የጣናን ዳር ይዘው እያወሩ ይሄዳሉ። ሁሉም ደመወዝተኛ፣ ሁሉም ቦርጫም፣ ሁሉም ሐኪም ያስፈራራቸው ናቸው። አንድ ሰዓት ይራመዱና ዓሣ ከሚጠበስበት ቤት ዛፍ ሥር ይቀመጣሉ። ቆሮሶ የሚባለው የጣና ዓሣ ጥብስ በዳቦ፣ ከዚያ ቢራ፣ ከዚያ "ለመንገዱ" ሌላ ቢራ። ጺሙ ዘይት ዘይት እየሸተተ ይመጣና ቁርስ ይጠይቀኛል። ስቆጣ መልስ አያጣም። "አቃጥለነው የለ እንዴ የበላነውን?" ይለኛል። ከመብላታቸው በፊት እንዴት እንዳቃጠሉት እግዜር ይወቅ።

ትልቁን ስሕተቴን የሠራሁት በጽዋ ማኅበራችን ነው። በየወሩ በአሥራ ሁለት ማኅበርተኛው በየተራ ቤት ይሰበሰባል፤ ጸሎቱ ይደርሳል፣ ጽዋው ይዞራል፣ ከዚያ መብሉና ጠላው ይቀጥላል። ጽዋው አንድ ጉንጭ ናት፣ እሷ ማንንም አትገድልም። ገዳዩ ከጽዋው በኋላ ያለው ነው። አስተናጋጇ "በሞቴ" ካለች ባሌ እምቢ አይልም። በሰው ሞት የተለመነ ሰው እንዴት እምቢ ይላል? ይህን ሲለኝ ፊቱ ላይ ጽድቅ አለበት።

ስለዚህ በአሥራ አንደኛው ዓመት ላይ ዘዴ አወጣሁ። ተራው አንዲት ባሏ የሞተባት ደግ ጎረቤታችን ዘንድ በነበረ ጊዜ፣ በዋዜማው ሄጄ ለመንኋት። "ለእሱ ቅራሪ ቅጂለት" አልኋት። "በተለየ ማሰሮ ይሁን። ቀለሙ ያው ነው፣ አያውቅብሽም።" ቅራሪ ጠላው ከተቀዳ በኋላ አተላው ላይ ውኃ ተጨምሮ የሚወጣው ቀጭኑ ነው፤ ለማኅበርተኛ መቅዳት ነውር ነው። ሴትዮዋ ፊቷ ቢጨልምም ስለ እኔ ብላ እሺ አለች።

በማግስቱ ጠዋት ጀምሬ ከሴቶቹ ጋር ጓዳ ነበርሁ። ጠላው ሲቀዳ በጓዳው በር ባሌን አየው ነበር። አንድ ጊዜ ተጎነጨ፣ ብርጭቆውን ወደ ብርሃን አነሣ፣ እንደገና ተጎነጨ።

"እመቤት፣ ጠላው አለቀ እንዴ?" አላት። "ለእኔ የደረሰኝ ቅራሪ ነው።"

የማኅበርተኛው ዓይን ሁሉ ሴትዮዋ ላይ አረፈ። ምን ታድርግ? "ኧረ ጋሼ፣ እኔ ይህን አላደርገውም" አለች። "ባለቤትዎ ናት አደራ ያለችኝ።"

ወንዶቹ ሳቁ። ባሌም ሳቀ፣ ጆሮው ግን ቀልቶ ነበር። ያን ዕለት ክብሩን ለማስመለስ አራት ብርጭቆ ደህናውን ጠላ ጠጣ። በራችን ላይ ስንደርስ "ከሰው በታች አደረግሽኝ" ብሎኝ ገባ። ያቺ ሴትም ከዚያ ወዲህ ሰላምታዋን አሳጠረችብኝ፤ አልፈርድባትም። እኔ የባሌን አፍ ልዘጋ ብዬ የእሷን ስም ነው ያጎደፍሁት።

ከዚያ ማኅበር በኋላ በነበረው ቀጠሮ ስኳሩ አሻቅቦ ተገኘ። ነርሷ ወረቀቱን አየች፣ ከዚያ እኔን አየችኝ። "እትዬ፣ ምነው? ተዘናጉ እንዴ?" አለችኝ። ባሌም ከእሷ ጋር አብሮ አየኝ። እንዴት እንዳልጮህሁ አላውቅም። ፊቴ ሲለዋወጥ አይታ ነው መሰለኝ "ይቀመጡ፣ የእርስዎንም ልለካዎት" ብላ ክንዴን ጠቀለለችው። ለካች። ደግማ ለካች።

እኔም ደም ግፊት ነበረብኝ፣ ያውም ከፍተኛ። ለራሴ የሆነ ካርድ፣ ለራሴ የሆነ ክኒን ተጻፈልኝ። "ይህ በየቀኑ ነው እትዬ፤ አመመዎትም አላመመዎትም" አለችኝ። እሺ አልሁ። ክኒኑን የቢሮዬ መሳቢያ ውስጥ አኖርሁት።

አሁን ቅድም ያቆየሁት ግማሽ ንዴት ላይ ደርሻለሁ። ያን ክኒን የዋጥሁት ማጅራቴን ሲይዘኝ ብቻ ነው። ራሴ ካልከበደኝ አልውጠውም። የአንድ ወር የተባለው አምስት ወር በረከተልኝ፤ ቆጣቢ የሆንሁ መስሎኝ ነበር። ባሌ አንድ ጠዋት ክኒኑን ቢዘነጋ ቀኑን ሙሉ በስልክ አሳድደዋለሁ። የእኔን ግን ማንም አያሳድደኝም፤ እኔም አላሳደድሁት። በመድኃኒት ቤቱ ወረፋ ቆሜ የእሱን ተቀብዬ የእኔን "በሌላ ቀን" ብዬ የሄድሁበት ጊዜ አለ። ለምን? ብጠየቅ ጊዜ አጣሁ እል ነበር። ውሸት ነው። ጠባቂ መሆን ስለጣፈጠኝ ነው። ታማሚ ከሆንሁማ እሱን ማን ይቆጣዋል? ሁለታችንም እኩል ልንሆን ነው።

በዚያው ዓመት በዐቢይ ጾም ባሌ የጠዋት ክኒኑን አቆመ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት በአፌ ምንም አይገባም አለ። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ግን የሁለት ሰው ይበላል፤ ሽሮው፣ ዳቦው፣ ተልባው አይቀረውም። ጾሙ ሐኪሜ ነው ይላል። የንስሐ አባታችን ከጣና ደሴቶች በአንዱ ያገለግላሉ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ በጀልባ ወደ ከተማ ይመጣሉ። ወደቡ ላይ ጠበቅኋቸው።

"አባ፣ እርስዎ ይገዝቱልኝ" አልኋቸው።

"ማንን ነው የምገዝተው?"

"ባሌን። ክኒኑን በጠዋት እንዲውጥ፣ ጠላ እንዳይቀምስ።"

እግራቸውን ከጀልባው ጭቃ እየጠረጉ ቆዩ። "መድኃኒት መብል አይደለም። ይህን ለእሱም ነግሬዋለሁ፣ ሰምቶኛል" አሉኝ። "ግዝት ግን ለጉሮሮ አይሆንም ልጄ። ፈጣሪ እንኳ አዳምን እጁን አልያዘውም።" ቀና ብለው አዩኝ። "አንቺስ? ፊትሽ ጠቁሯል።"

"ደህና ነኝ አባ።"

"ንስሐ ልትገቢ ስትመጪ የምትነግሪኝ ሁልጊዜ የእሱን ኃጢአት ነው። የራስሽን ከነገርሽኝ ስንት ጊዜሽ ነው?"

ተናደድሁባቸው። ሰው ልታደግ ብዬ መጥቼ ተከሳሽ እኔ ልሁን? መስቀላቸውን ተሳልሜ ሄድሁ። ክኒኑ በመሳቢያዬ እንዳለ፣ ሳልውጠው ሦስተኛ ሳምንቱ እንደሆነ አልነገርኋቸውም። ዋሽቼ ነበር፣ ያውም ለመስቀል እጄን ዘርግቼ።

የወደቅሁት ከፋሲካ በኋላ ነው። ወደቅሁ ማለት እንኳ አይቻልም፣ ወንበሬ ላይ ነበርሁ። የምዝገባ ሳምንት ነው፤ ተማሪው እስከ ደጅ ተሰልፏል። ወረቀቱን በግራዬ ይዤ በቀኜ ማኅተም ላሳርፍ ስል ወረቀቱ ከእጄ ወረደ። አነሣሁት፣ እንደገና ወረደ። ተማሪዋ "እትዬ፣ አፍዎ..." አለችና አልጨረሰችውም። መልስ ልሰጣት ብል ምላሴ ወፍራም ሆነብኝ። የሥራ ጓደኞቼ በባጃጅ ሆስፒታል ወሰዱኝ። በመንገድ ላይ ሳስብ የነበረውን አስታውሳለሁ፦ የባሌን የስድስት ሰዓት ክኒን ማን ያስታውሰዋል እያልሁ ነበር። አፌ ጠምሞ፣ እጄ ሞቶ፣ የማስበው ይህን ነበር።

ሐኪሙ በማግስቱ ምላሴ ሲፈታ ጠየቀኝ። "የግፊት መድኃኒት ይወስዱ ነበር?"

"አዎ።"

"በየቀኑ?"

"ሲያመኝ።"

አልተቆጣኝም። ጻፈው ብቻ። ባሌ እንዲህ ብሎ ቢመልስ ኖሮ የሽምብጥ ሰፈር ሰው ሁሉ እስኪሰማ እጮህበት ነበር። እዚያ አልጋ ላይ ተኝቼ ለራሴ ስንት ሰበብ እንደደረደርሁ አስታውሳለሁ፦ ሥራው፣ ባሌ፣ ነርሷ፣ ማኅበሩ። ሁሉም እውነት ናቸው። አንዳቸውም ግን መሳቢያውን አልቆለፉብኝም።

ጠያቂው በዛ። ሙዝና ብርቱካን ተከመረ። ባሌ ኮሪደር ላይ ቆሞ አለቀሰ ብለውኛል፣ አምናለሁ። ክፉ ሰው ቢሆን ኖሮ ይቀለኝ ነበር። የሁሉንም ሰው ወሬ ስሰማ አንድ ጥያቄ እጠብቅ ነበር። ስንት ሰው ገብቶ ወጣ፣ ወደ እሱ ዞሮ "ምን እያበላሃት ነው?" ያለው አንድም አልነበረም። እህቱ ከሰባታሚት መጥታ እግሬ ሥር ተቀመጠች፣ እንባዋን በነጠላዋ ጠረገች።

"ኧረ ምን ጉድ ነው" አለች። "አሁን ወንድሜን ማን ሊያየው ነው?"

ፊቴን ወደ ግድግዳ ማዞር የተማርሁት ያን ቀን ነው።

ቤቴ ከገባሁ አራት ወር ሆነኝ። አንድ ድስት ብቻ እጥዳለሁ፣ ጨው የሌለውን፤ የሚበላ ይበላል። ጠዋት የራሴን ክኒን በራሴ ውኃ እውጣለሁ። ከዚያ የጣናን ዳር ይዤ ብቻዬን እስከምችለው እራመዳለሁ፤ መጀመሪያ ሁለት የመብራት ምሰሶ ያህል ነበር፣ አሁን የጎርጎራ ጀልባ ከሚቆምበት እደርሳለሁ። የባሌን ካርድና ክኒን ከቦርሳዬ አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ ያኖርሁት በገባሁ በሳምንቱ ነው።

"ይኸው። ከዛሬ ጀምሮ ያንተ ነው" አልሁት።

የቀለድሁ መስሎት ሳቀ። ሁለተኛ ቀጠሮው ካለፈው በኋላ ግን አልሳቀም። "ቂመኛ ነሽ" አለኝ። እህቱም ሰማች፣ መጣች።

"ልትገድይው ነው ወይ?" አለችኝ፣ ገና ነጠላዋን ሳታወርድ።

"እትዬ፣ እኔን የጣለኝ እሱ አይደለም። እኔው ነኝ" አልኋት። "እሱንም የሚጥለው እኔ አይደለሁም።"

"ጨካኝ ሆነሻል" አለችኝ። ሊሆን ይችላል። የሚያስጨንቀኝም እሱ ነው። ይህ ያደረግሁት ነገር ጤና ይሁን በቀል አንዳንዴ መለየት ያቅተኛል። የባሌ ግራ እግር አውራ ጣት ላይ ቁስል አለ፣ ከሁለት ሳምንት በላይ ሆነው፣ አልደርቅ ብሏል። አይቼዋለሁ። ሐኪም ያሳየው ዘንድ አንድ ጊዜ ነገርሁት። አንድ ጊዜ ብቻ። ሁለተኛ ልነግረው ከአፌ ጫፍ ደርሶ ስንት ጊዜ እንደዋጥሁት እኔ ነኝ የማውቀው።

ባለፈው እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መጥተን በረንዳው ላይ ተቀመጥን። ክኒኑን አውጥቶ መዳፉ ላይ ይዞ ሲያገላብጠው ቆየ። ከዚያ ቀና ብሎ፣ ሰዓት እንደሚጠይቅ ሰው፣ ጠየቀኝ።

"ዛሬ መድኃኒቴን ውጫለሁ?"

አልዋጠም። አውቃለሁ። ከመኝታው ሲነሣ ጀምሮ እያየሁት ነበር፤ የአሥራ አንድ ዓመት ልማድ በአራት ወር አይለቅም። አንድ ቃል ብናገር ያልቃል፤ ይውጣል፣ እኔም ቀና እላለሁ፣ ነገ ደግሞ ይጠይቀኛል፣ ከነገ ወዲያም።

"አላውቅም" አልሁት።

"እንዴት አታውቂም?"

ተነሥቼ ልነግረው ጉልበቴ ሁሉ ተዘጋጅቶ ነበር። እሱ ጥቂት ጠበቀኝ፣ ክኒኑን ወደ ኪሱ መልሶ ከተተ፣ ዓሣ ቤት ጓደኞቹ እየጠበቁት እንደሆነ ነግሮኝ በሩን ከፍቶ ወጣ። የቆሰለ እግሩን ትንሽ ይጎትት ነበር። መንገዱን እስኪታጠፍ ድረስ አየሁት። እኔ የእኔን ጠዋት ውጫለሁ።